ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሸኚ

ሄርሜላ ቃል ያስገባችኝ በስልክ ነው፤ ሐሙስ፣ ከሥራ ገብቼ ሻይ ሳልጠጣ።

«ጋሼ፣ ማል።»

«እኛ ቤት መሐላ አይወደድም።»

«እሺ አትማል፣ ቃል ግባ። ቅዳሜ እኔ እስክመጣ ከቤት አትወጣም። ጣቢያ አትመጣም። በሩን ብቻ ትከፍትልኛለህ።»

«በር መክፈት እንጀራዬ ነው» አልኳት።

እውነቴን ነው። ሆላንድ አገር፣ ዴንሃግ ከተማ ውስጥ፣ ላክ በሚባለው ሰፈራችን፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮንሲየርዥ ነኝ። ኮንሲየርዥ ማለት ጠዋት በር ከፋች፣ የተቃጠለ አምፖል ቀያሪ፣ ወድቆ ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ላይ ፕላስተር ለጣፊ ማለት ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ደችኛ የተማርኩትም እዚያው ነው፤ ልጆቹ ወጥተው ካለቁ በኋላ የሥዕል መጻሕፍታቸውን መደርደሪያ ላይ እየመለስኩ፣ እግረ መንገዴን እያነበብኩ። ከልጆቹ አፍ መጀመሪያ የለየሁት ንግግር «ዘልፍ ዱን» የሚለው ነው፤ ራሴ ላድርገው ማለት ነው። አራት ዓመት የሞላው ሁሉ ጃኬቱን ልቆልፍለት ጎንበስ ስል፣ በዚያች ጣት በምታህል እጁ እጄን እየመታ «ዘልፍ ዱን!» ይለኛል። እኔም እቆማለሁ። ቁልፉ በተሳሳተው ቀዳዳ ይገባል፤ ጃኬቱ ተንጋዶ ልጁ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ሄርሜላ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የክርስትና እናቷ ባለቤቴ አበባይሽ ናት። እኔ እንግዲህ የክርስትና እናቷ ባል ነኝ። እንዲህ ያለ ማዕረግ የትም አልተጻፈም፤ ልጅቷ ግን ሚስጥር ያላት ለታ የምትደውለው ለእኔ ነው። አንቱ አትለኝም። እዚህ አገር የተወለደ ልጅ አንቱታውን የት ያገኘዋል? እናቷ ስትሰማ ትሸማቀቃለች፤ እኔ ለምጄዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ሉሊት የምትኖረው አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ነው። ሥራዋ በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አንዱን አጥባ፣ ለሁለተኛው መድኃኒቱን ሰጥታ፣ ለሦስተኛዋ ያንን እግር የሚያጠብቅ ካልሲ አልብሳ፣ በብስክሌት ወደ አራተኛው ትበራለች። ልጇን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት ብቻዋን ናት፤ አባትየው ስዊድን ነው፣ በልደቷ ይደውላል። በሥራዋና በልጇ መካከል ያላት ነገር ስልኳ ነው። ስልኩ ላይ ካርታ አለ፤ ካርታው ላይ ሰማያዊ ነጥብ አለ፤ ነጥቡ ሄርሜላ ናት። ከአንዱ በሽተኛ ቤት ወጥታ ወደ ሌላው ስትሄድ ደረጃ ላይ ቆም ብላ ታያለች። ነጥቡ ትምህርት ቤት ነው፤ ተመስገን። ነጥቡ ቤት ነው፤ ተመስገን። ነጥቡ መናፈሻው አጠገብ ዐሥር ደቂቃ ቆመ፤ ስልክ ይደወላል። «እኔ እኮ ልጅ ሳይሆን ነጥብ ነው የማሳድገው» ብላ አንድ ቀን እየሳቀች ነግራናለች። ስትስቅም ዓይኗ ስልኩ ላይ ነበር።

ዘንድሮ ሄርሜላ የመጀመሪያ ደረጃን ትጨርሳለች። አምስተርዳም ውስጥ ልጆች የሚፈልጓቸውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በቅደም ተከተል ጽፈው ያስገባሉ። ልጅቷ አንደኛ ላይ መጻፍ የፈለገችው ከከተማው ማዶ ያለውን ነው፤ ልጆች በእጃቸው ማሽን የሚገጣጥሙበት ወርክሾፕ ያለውን፣ በብስክሌት ዐርባ ደቂቃ የሚወስደውን። ሉሊት ደግሞ ከሳሎናቸው መስኮት የሚታየውን ትፈልጋለች። «መስኮት ከፍቼ ብጠራት ትሰማኛለች» ነው ምክንያቷ። ዝርዝሩ የሚገባው እስከ ሰኞ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቁ፤ አንዷ ስትዘጋ ሌላዋ ትደውልልኛለች። ማዳመጥ አይሰለቸኝም። በመጨረሻው ላይ ግን አንድ ነገር ጣል አደረግኩ።

«እስቲ ቅዳሜ ብቻዋን እኛ ቤት ትምጣ» አልኩ። «ከበራችሁ እስከ በራችን። ከደረሰች አንደኛውን እሷ ትምረጥ። ካልሆነላት የመስኮቱ ይሁን።»

ሉሊት ሁለት ቀን አስባ «እሺ» አለች። ሄርሜላ ሁለት ሰከንድ አስባ «እሺ» አለችና እኔን ቃል ማስገባት ጀመረች። አበባይሽን ማስገባቱን ግን ረሳችው። ጥፋቱ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው ብል ባለቤቴ ትቀየመኛለች፤ ስለዚህ አልልም።

ቅዳሜ ጠዋት ሉሊት ልጇን ስማ ወደ ሥራዋ ሄደች። በእኛ አቆጣጠር አራት ሰዓት ላይ ከሄርሜላ «ወጣሁ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። ከሰፈራቸው ጣቢያ እስከ ስኪፖል፤ እዚያ ባቡር ቀይሮ በላይደን በኩል ሆላንድስ ስፖር፣ በአጭሩ ሃ ኤስ የሚሉት የዴንሃግ ጣቢያ፤ ከዚያ በእግር ዐሥር ደቂቃ እኛ ቤት። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ይደወላል ብዬ ጫማዬን አውልቄ የጸሎት መጽሐፌን ገለጥኩ።

አበባይሽ ከማድ ቤት ወጣች። ካፖርቷን ለብሳለች።

«ወልዴ፣ ሽንኩርት አልቋል። ደረስ ብዬ ልምጣ።»

«ሂጂ።»

ጾም ነው፤ ምስር ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሆንም። ትንሽ ቆይቼ ውሃ ልጠጣ ማድ ቤት ስገባ ግን ከመታጠቢያው ሥር አንድ ከረጢት ሙሉ ሽንኩርት ተቀምጧል። ትናንት ከገበያ የተሸከምኩት ራሴ ነኝ። ምናልባት ቀዩን ፈልጋ ይሆናል አልኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቀይ ነው።

በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። ባዩ ነው። ስኪፖል ላይ ታክሲ ይነዳል፤ ሲያወራ ሁልጊዜ የመኪና መስኮት አውርዶ የሚጣራ ይመስላል።

«ጋሼ! ደስ ይበልዎት! ልጅቷን አግኝቻታለሁ! ጭማቂ ገዝቼ እስከ ባቡሩ ድረስ ሸኝቻታለሁ!»

«የቷን ልጅ?»

«ሄርሜላን ነዋ!»

«ብቻዋን እንደምትመጣ ማን ነገረህ?»

«ቴሌግራም አያዩም እንዴ ጋሼ?»

አላይም። የምታየው አበባይሽ ናት። ታብሌቷ ሶፋው ላይ ነበርና ከፈትኩት። «ኢትዮጵያውያን እናቶች በሆላንድ» የሚባል ቡድን አላቸው። ስሙ እናቶች ይበል እንጂ አባቱም፣ ወንደላጤውም፣ ተማሪውም ገብቶበታል፤ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሰው። ሉሊት በጠዋት እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ «ወገኖቼ፣ ሄርሜላዬ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን በባቡር ዴንሃግ ትሄዳለች። አራት ሰዓት ላይ ትነሳለች። በጸሎታችሁ አስቡልኝ።» ከሥሩ ፎቶ አለ፤ ልጅቷ ቢጫ ጃኬቷን ለብሳ።

ከዚያ በታች ጸሎቱ ይዘንባል። አሜን፣ እመብርሃን ትከተላት፣ አላህ ይጠብቃት፣ ሻማ፣ የተጋጠሙ እጆች። ይህ መልካም ነው። ወረድ እያልኩ ሳነብ ግን ጸሎቱ እግር አወጣ። አንዷ «እኔ እዚያው ጣቢያው አጠገብ ነኝ፣ ብቅ ልበል?» ትላለች። ብቅ ብላለችም፤ «ገብታለች፣ ሦስተኛው ፉርጎ» ይላል የሚቀጥለው። ባዩ «ስኪፖልን ለኔ ተዉት» ብሏል። የእሱም ፎቶ አለ። ሄርሜላ የብርቱካን ጭማቂ ይዛ ሎሚ የነከሰ ሰው መስላለች፤ ሰባ ስምንት ሰው ልብ ሰጥቶታል። ቀጥሎ እሌኒ ናት፤ ላይደን ማስተርሷን የምትማር፣ አንዳንድ እሑድ እኛ ቤት የምትበላ ልጅ። «ከላይደን ተሳፍሬ ከኋላዋ ተቀምጫለሁ። አላየችኝም። መጽሐፍ እያነበበች ነው» ብላ የሄርሜላን ሹሩባና ማጅራት ከነፎቶው ለጥፋለች።

የመጨረሻው የኔዋ ነው። «ሆላንድስ ስፖር ላይ ሦስት ሆነን ቆመናል። አበባ ብንይዝ ጥሩ ነበር፣ አላሰብነውም።»

ሽንኩርቷ ይቺ ነበረች።

ማንንም አልወቀስኩም። ወደዚህ አገር ስመጣ የሚጠብቀኝም የሚሸኘኝም ሰው አልነበረም፤ እና ሁለት መቶ ሰው ለአንዲት ልጅ ቆሞ ሲጠብቅ ማየት ልብ ይሞላል። ግን ደግሞ እጄን የሚመቱት ትንንሾቹ እጆች ትዝ አሉኝ። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሰው አንድ ጃኬት ሊቆልፍ ጎንበስ ብሏል።

አምስት ሰዓት ከሩብ አልፎ አበባይሽ ደወለች።

«ወልዴ! ልጅቷ መጣች?»

«ሽንኩርት ተገኘ?»

«ቀልዱን ተወው፣ አንተ ሰውዬ! አልወረደችም! እሌኒ ወርዳለች፣ እሷ የለችም። ባቡሩ ሄደ!»

እሌኒ ከኋላዋ ስታለቅስ ይሰማኛል። ዴንሃግ ሊደርሱ ሲሉ ልጅቷ ብድግ ብላ ወደ መጸዳጃው ሄደች፤ እሌኒም በዚያው በኩል ትወርዳለች ብላ ወረደች። የልጅቷ ስልክ ዝግ ነው።

ያንን ሳልዘጋ ሉሊት ደወለች። ነፍስ የላትም።

«ጋሼ! ነጥቡ ጠፋ!»

«የት ነሽ?»

«በሽተኛ ቤት ደረጃ ላይ። ጋሼ፣ ይሂዱልኝ! ጣቢያ ይሂዱልኝ!»

«ሉሊት፣ ጣቢያው ላይ አራት ሰው አለ። እኔ ቤት እጠብቃለሁ ብያታለሁ።»

«አሁን ቃል ምን ያደርጋል? ልጄ ጠፍታለች እኮ!»

«ብትመጣና በር የሚከፍትላት ብታጣስ?»

የብስክሌቷ ቁልፍ ኮሽታ ተሰማኝ።

«እኔ እመጣለሁ።»

«ነይ። እስከ ሰባት ሰዓት ካልመጣች ለፖሊስ የምደውለው ራሴ ነኝ።»

ስልኩን አስቀምጬ ቆምኩ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ልጅ ጠፋ የሚባልበት ቀን በዓመት ሁለቴ ሦስቴ አይታጣም። አስተማሪዎቹ ስሙን እየጠሩ ይሮጣሉ። በጮኹ ቁጥር ልጁ ይበልጥ ይደበቃል። እኔ ሁልጊዜ የምሄደው ወደ በሩ ነው። ከበሩ አልፎ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ነው አንዱ ምክንያቴ፤ ሌላው ደግሞ ልጅ ሲበቃው የሚመጣው የማይጮኽ ሰው ወዳለበት ነው። እስካሁን አልተሳሳትኩም። ግን እነዚያ የሌላ ሰው ልጆች ነበሩ። ይቺ የኛ ናት፤ በሰማንያ ቀኗ ነጭ ለብሳ ስታለቅስ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እስከ መኪናው የተሸከምኳት።

ጫማዬን አደረግኩ። አወለቅኩ። መልሼ አደረግኩ፣ መልሼ አወለቅኩ። መጽሐፉን ገልጬ ያነበብኩትን መስመር አራቴ አነበብኩት፣ አልገባልኝም። ስለዚህ ዘጋሁትና በራሴ አፍ ለመንኩ፦ ጌታዬ፣ እሷን አንተ ጠብቃት፤ እኔን ደግሞ እዚሁ ጠብቀኝ። የታብሌቱ ድምፅ አላቆመም፤ ጸሎቱ ሁሉ ወደ ምክር ተለውጧል። ዴልፍት ፈልጓት። ፖሊስ ጥሩ። እኔ ሮተርዳም ነኝ ግን ሥራ ላይ ነኝ። ትራሱን ጣልኩበት።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን አልቻልኩም። ካፖርቴን ደርቤ፣ ጫማዬን ትቼ በካልሲ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ወርጄ ከመንገዱ መስታወት በር ፊት ለፊት የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ደረጃው ቤት ይባላል? አይባልም? ያን እያሰላሰልኩ ሃያ ደቂቃ ሄደ። አንድ ሁለት ጎረቤቶች ካልሲዬን እያዩ ሰላም ብለውኝ አለፉ።

ከዚያ በመስታወቱ ውጭ ጥቁር ጃኬት የለበሰች ልጅ ቆመች። ጃኬቱ ተገልብጦ ተለብሷል፤ ስፌቱ ከውጭ ነው። በአንገትጌው በኩል ቢጫው ብቅ ብሏል።

በር መክፈት እንጀራዬ ነው አላልኩም? ያን ቀን ግን መክፈቻውን ሁለቴ ሳትኩት።

«ቤት ነበርክ?» አለችኝ፣ ገና ሳትገባ።

«ደረጃው ላይ ነበርኩ። ይቆጠራል?»

ካልሲዬን አየች። አሰበች።

«ይቆጠራል» አለች። ከዚያ ነው አንገቴ ላይ የተጠመጠመችው።

ላይ ወጣን። መጀመሪያ ለእናቷ እንድትደውል አደረግኩ፤ ሉሊት ባቡር ውስጥ ነበረች፣ የሰማሁት ለቅሶዋን ብቻ ነው። ከዚያ ለአበባይሽ ደወልኩና እስኪመጡ ድረስ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አልጠየቅኳትም። ልጅ ካልጠየቅኸው ይነግርሃል።

«ሲሃም ናት የነገረችኝ» ብላ ጀመረች። ሲሃም የክፍሏ ልጅ ናት፤ እናቷ ሱአድ ከዚያው ቡድን ውስጥ አለች። «ላይደንን እንዳለፍን ፎቶ ላከችልኝ። ‹ኸርም፣ ታዋቂ ሆነሻል› ብላ። ፎቶው የኔ ማጅራት ነው! አሁን፣ እዚያው ባቡር ውስጥ ያለሁት እኔ! ዞር ስል እሌኒ። ጋዜጣ ይዛ። ገልብጣ የያዘችው ይመስለኛል።»

ከንፈሬን ነከስኩ።

«አትሳቅ፣ ጋሼ። ኒት ለውክ። አያስቅም። ባዩ ባቡር ድረስ እጄን ይዞኝ ነው የሄደው። እጄን! እንደ ክላይተር፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ ሃ ኤስ ልንደርስ ስንል በመስኮት አየሁ። እትዬ አቡ ፕላትፎርም ላይ ሆና እያንዳንዱን መስኮት እያየች። ስልኩን ወደ ላይ ይዛ። ቪዲዮ! ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። ስልኬን ዘጋሁ። ባቡሩ ሄደ።»

«እስከ የት?»

«ሮተርዳም። ዴልፍት መውረድ እችል ነበር፣ ግን እግሬ... አልወረድኩም። ሮተርዳም ወረድኩ። ያ ትልቁ አዳራሽ አለ አይደል? ጣራው እንጨት የሆነው? መሀሉ ላይ ቆምኩ። ማንም አላየኝም። ማንም! አንድ ሰው እንኳ። ለከር! ደስ ሲል!» እጆቿን ዘረጋች። «ከዚያ ዩኒፎርም የለበሰችውን ሴትዮ ጠየቅኩ፣ ዘጠነኛው ፕላትፎርም አለችኝ፣ ዘጠነኛው አልነበረም፣ ስምንተኛው ነው፣ ቦርዱን ራሴ አነበብኩ። ጃኬቴን ገለበጥኩ። ሃ ኤስ ወርጄ በኋላው በር ወጣሁ። አንተ ነህ ድሮ ያሳየኸኝ፤ የኋላው በር ለላክ ይቀርባል ብለህ።»

ብያለሁ። ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ የሰማችኝም አልመሰለኝም ነበር። እነአበባይሽ በፊተኛው በር፣ በአደባባዩ በኩል፣ እስከዚያች ደቂቃ ቆመዋል።

ሰባት ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ቤቱ ሞላ። አበባይሽ ገብታ ልጅቷን እየሳመችም እየቆነጠጠችም፤ እሌኒ በር ላይ ቆማ «ይቅርታ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ እኮ በቅንነት...» እያለች። በመጨረሻ ሉሊት፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ የደረት ባጇ ወደ ኋላ ዞሮ። ልጇን አቅፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ለቀቀቻትና እናት ሆነች።

«ስልክሽን ለምን ዘጋሽ?»

«አንቺ ለምን ፎቶዬን ለጠፍሽ?»

«ጸሎት ነው የጠየቅኩት!»

«ጸሎት ፎቶ ይፈልጋል? እግዚአብሔር መልኬን አያውቀውም?»

አበባይሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«አትሳቁ!» አለች ሉሊት፤ የእሷም ጉንጭ እየተንቀጠቀጠ ነው። «ሞቼ ነበር እኮ! ነጥቡ ሲጠፋ ሞቼ ነበር። ስምምነቱ ከበር እስከ በር ነው፣ ስልክ ተከፍቶ። አፍርሰሻል። የመስኮቱ ትምህርት ቤት ነው፣ አለቀ።»

ሄርሜላ አልጮኸችም። ብትጮኽ ይቀል ነበር። ጠረጴዛው ላይ እጇን አነባብራ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ማማ፣ ከቤት እስከ ባቡር አንዷ አየችኝ። ስኪፖል ላይ ባዩ። ከላይደን እሌኒ። ሃ ኤስ ላይ እትዬ አቡ። ብቻዬን የተጓዝኩት ከዚህ እስከ ሮተርዳም፣ ከሮተርዳም እስከዚህ ነው። እናንተ ጠፋች ያላችሁኝ ጊዜ። እኔ ግን የት እንዳለሁ አውቅ ነበር።»

እሌኒ ጫማዋን ታያለች። ሉሊት ልጇን እያየች ነው፤ ካርታውን ሳይሆን ልጇን።

«ፈርተሽ ነበር?» አለቻት በመጨረሻ፣ በሌላ ድምፅ።

«ዴልፍት ላይ፣ ትንሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ራበኝ።»

አበባይሽ ይህን ሰምታ ተቀምጣ አታውቅም። ብድግ ብላ ማድ ቤት ገባች። ከረጢቱ ሲከፈት ሰማሁ፤ ቀዩ ሽንኩርት በመጨረሻ ለቁም ነገር በቃ። ምስሩ እስኪደርስ ሉሊት አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ እርስዎ አልፈሩም?»

«ጫማዬን ሁለቴ አድርጌ ሁለቴ አውልቄያለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ቻሉት?»

«አልቻልኩትም። በካልሲ ደረጃ ላይ ነው ያገኘችኝ።»

ሳቀች። ስልኳን አወጣችና ካርታውን ከፈተች። ሰማያዊው ነጥብ ተመልሷል፤ እኛ ቤት ላይ፣ ከራሷ ነጥብ ጋር ተደራርቦ። አውራ ጣቷ በላዩ ላይ ቆየ። ሉሊት በሽተኛ ሲያርፍ ዓይን የከደነች ሴት ናት። ከዚያ ማጥፊያውን ተጫነችው፤ ነጥቡ ጠፋ፤ ልጅቷ ግን ከፊታችን ቁጭ ብላ ዳቦ ትቆርሳለች።

«ስትደርሺ ‹ደረስኩ› ትያለሽ» አለቻት። «አንድ ቃል። በየቀኑ። ያቺን ከረሳሽ ነጥቡ ይመለሳል።»

«እሺ።»

«ዝርዝሩንም አምጪው። አንደኛውን አንቺ ጻፊ።»

ሄርሜላ የእናቷን ስልክ ተቀብላ ጻፈች። ስትጨርስ ወደ እኔ አዞረችው። የመስኮቱ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ሆኗል። ይህንንም ማንም አላዘዛትም።

ከበላን በኋላ ሉሊት ለቡድኑ ጻፈች፤ ከመላኳ በፊት አነበበችልን። «ሄርሜላ በሰላም ደርሳለች። እግዚአብሔር ያክብርልን፣ ሁላችሁንም። ከእንግዲህ ጸሎቱ ብቻውን ይበቃናል።» አሜኑ ዘነበ። ከመካከሉ የባዩ አለ፤ «ለመልሱስ ስኪፖል ላይ ልቁም?» የሚል።

«ኔይ! አይሆንም!» አሉ እናትና ልጅ በአንድ አፍ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊሄዱ ተነሱ። የመመለሻው ድርድር የተካሄደው በሩ ላይ ነው።

«በአንድ ባቡር እንሄዳለን» አለች ሄርሜላ። «ግን ፉርጎ ለየብቻ።»

«ስንት ፉርጎ ርቀት?»

«ሁለት።»

«አንድ።»

«ሁለት፣ ማማ።»

«እሺ፣ ሁለት።»

እኔ እስከ ፕላትፎርሙ እንድሸኝ ተፈቀደልኝ፤ ቃል ስለጠበቅኩ ነው ተባለ። በኋላው በር ገባን። ባቡሩ ሲመጣ ሄርሜላ ቢጫውን ወደ ውጭ መልሳ የለበሰችውን ጃኬት ቆልፋ ከፊት ገባች፤ በመስኮቱ አየኋት፣ መጽሐፏን አውጥታለች። ሉሊት ሁለት ፉርጎ ቆጥራ ከኋላ ተሳፈረች። ስልኳን ከቦርሳዋ ስታወጣ አየሁ። አየችው፣ መልሳ ከተተችው።

ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ወደ እኔ ዞራ፣ በአገጯ ወደ ፊተኛው ፉርጎ እያመለከተች፣ በከንፈሯ ብቻ «ገብታለች?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩላት። ባቡሩ ተነሳ።